ከአራተኛው ምልክት ወዲያ

ጥር 19 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ዓርብ። በወሩ ቅጽ ላይ ከዚህ ቀን ትይዩ ያለው የዝናብ ሳጥን ባዶ ነው፤ የሙቀቱም ባዶ ነው። «አስተያየት» በሚለው ጠባብ ዓምድ ውስጥ ብቻ «እስከ 7 ይ» የሚል ጽሑፍ አለ። «ይታያል» ሊል ነበር። ከዚያ በታች ያሉት አሥራ አንድ ቀናት ምንም የላቸውም። ቅጹ ከሚሴ ወዳለው መዝገብ ቤታችን ሲደርስ አንድ ኃላፊ «ያለፉትን ቀናት አማካይ ውሰድና ሙላው፤ ጎዶሎ ቅጽ ወደ ላይ አይላክም» አለኝ። ሙሀመድኑር ይማም በአሥራ አንድ ዓመት ከአራት ወር ውስጥ ያላየውን አንድም ቀን ጽፎ አያውቅም። እኔም አልሞላሁለትም። ቅጹ እንደ ጎደለ በፋይሉ ውስጥ ተቀምጧል።

ሙሀመድኑር የእናቴ ወንድም ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ መዝገብ የሚይዝ ሰው ስለ ዘመዱ ሲጽፍ አንባቢው ሚዛኑን እንዲያስተካክል ጊዜ ሊሰጠው ስለሚገባ ነው።

የኖረው ቱሉ ቦሩ ነው። ቱሉ ቦሩ ከከሚሴ በስተምሥራቅ፣ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ሽቅብ የሚያስኬድ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። አንድ መስጊድ፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ወፍጮ ቤትና አራት ሱቆች አሏት። ከተማ ያሰኛት መብራትም ውሃም ሳይሆን የማዘጋጃ ቤቱ ማኅተም ነው፤ ማኅተሙ ከማዘጋጃ ቤቱ ሕንጻ በሦስት ዓመት ቀድሞ ነው የደረሰው።

በመስከረም 1987 ሁለት ሰዎች በመኪና መጥተው ከአጎቴ ግቢ ውስጥ አንድ የዝናብ መለኪያና በአራት እግር የቆመ ነጭ የሙቀት መለኪያ ሳጥን ተከሉ። ግቢው የተመረጠበት ምክንያት በኮረብታው ላይ ፍየል የማይገባበት ብቸኛ ሜዳ ስለሆነ ነው። አነባበቡን ከጠዋት እስከ ቀትር አስተማሩትና ሄዱ። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አይቶ መጻፍ፣ በወሩ መጨረሻ ቅጹን መላክ፤ ሥራው ይኸው ነው። ቅጹ የታተመው ለአሥራ ሁለት ወር ስለነበር ለጳጉሜን ቦታ የለውም። አጎቴ የጳጉሜንን ቀናት በነሐሴው ቅጽ ጀርባ በእጁ አስምሮ ይጽፋቸው ነበር። ከእሱ በቀር በዞኑ ውስጥ ጳጉሜን ዝናብ እንደሚዘንብበት ያስታወሰ አንባቢ አላገኘሁም።

ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ እስከ በልግ ድረስ የሚጻፈው ባብዛኛው ዜሮ ነው። ስለዚህ ሰዉ አባ ዜሮ ብሎ ጠራው። ባለሱቁ ሰኢድ፣ አብሮ አደጉ፣ በየጠዋቱ ሳይቀልድበት አያሳልፈውም ነበር።

«አካም ቡልቴ፣ አባ ዜሮ። ዛሬስ ስንት ጣለ?»

«ዜሮ።»

«ትናንትስ?»

«ዜሮ።»

«ታዲያ አንዴ ዜሮ ብለህ እስከ መጋቢት አትተኛም?»

«ትናንት ዜሮ የሆነው ዛሬም ዜሮ መሆኑን አንተ ከየት አወቅህ?»

«ቀና ብዬ አይቼ ነዋ!»

«እኔም የምሠራው እሱኑ ነው።»

ስለ አየሩ እንዲጽፍ ማንም አላዘዘውም። በራሱ የጀመረው ነው። ሰማዩ ጠርቶ ዜሮ የሚጻፍበት ቀንና ሰማዩ እንደ አሮጌ ነጠላ የቆሸሸበት ዜሮ አንድ መሆናቸው ስላላማረው፣ በአስተያየቱ ዓምድ የሚታየውን ርቀት መመዝገብ ያዘ። ለዚህም ሰባት ምልክት መረጠ። አንደኛው ከደጃፉ ያለው ዋርካ ነው፤ ሁለተኛው የትምህርት ቤቱ የሰንደቅ እንጨት፤ ሦስተኛው የወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ፤ አራተኛው ከኮረብታው ሥር መንገዱ የሚታጠፍበት ነጭ ገደል፤ አምስተኛው የከሚሴ መስጊድ ሚናራ፤ ስድስተኛው ከከሚሴ ወዲያ የጨፋ ረግረግ ውሃ የሚያብለጨልጭበት ቦታ፤ ሰባተኛው በስተምዕራብ ያለው የተራራ ሰንሰለት። ከዋርካው ሥር ይቆምና ወደ ምዕራብ ያያል። ከዚያ «እስከ 6 ይታያል» ብሎ ይጽፋል።

በዚህ ዓምድ ዓመቱ ራሱን ይናገራል። ክረምቱ አየሩን ያጥበዋል፤ ወይ ሰባቱም ይታያሉ፣ ወይ ጉም ወርዶ ዋርካው እንኳ ይጠፋል። ጉምን ከአቧራ አይቀላቅልም ነበር፤ ጉም ፊት ያረጥባል፣ አቧራ ጥርስ ላይ ይንቋቋል። መስከረም ንጹሕ ነው። በጥቅምትና በኅዳር የማሽላው አገዳ ሲቃጠልና ከቆላ፣ ከአፋር በኩል፣ ደረቅ ነፋስ ሲነሣ ሰባተኛው ምልክት ይሰናበታል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ጭሱ እንደ ከብት ሸለቆው ላይ ተኝቶ ያድርና ፀሐይ ካልገረፈችው አይነሣም፤ ባብዛኛው ቀን እስከ አራት ሰዓት ስድስተኛውም አይታይም። የበልግ ዝናብ ከመጣ ሁሉን ይመልሳል። እንግዲህ ቱሉ ቦሩ ከድሮም አየሯ ወተት አልነበረም። አጎቴ ይህን አልደበቀም፤ ኋላ «ድሮ ንጹሕ ነበር ብለህ ጻፍ» ያሉትን ሰዎች «ድሮም ኅዳር ኅዳር ነው» ብሎ መልሷቸዋል።

ድንጋይ መፍጫው የመጣው በጥቅምት 1995 ነው። ሠራተኞቹ ክራሸር ይሉታል። ለመንገድ ሥራ ጠጠር የሚያዘጋጅ ትልቅ ማሽን ሲሆን ከነጩ ገደል አጠገብ፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ምልክት መካከል ተተከለ። ከነጋ እስኪመሽ ያደቅቃል። አቧራው እንደ ዱቄት ነጭ ነው፤ ነፋሱ ደግሞ በየቀትሩ ከሸለቆው ወደ ኮረብታው ሽቅብ ይነፍሳል። ማሽኑ በተተከለ በሦስተኛው ሳምንት ዓምዱ «እስከ 4 ይታያል» ማለት ጀመረ፤ የበልጉን ጥቂት ቀናት ትተን እስከ ሰኔ አልለወጠውም።

ይህ የቁጥር ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ አጎቴ ጽፎት ያልፍ ነበር። ነገር ግን ሚስቱ መሪማ አስም አለባት። ከዚያ በፊት የሚብስባት ኅዳር ላይ ለጥቂት ሌሊት ነበር። አሁን አቧራው በበዛባቸው ቀናት ሁሉ መተኛት አቃታት፤ ከግድግዳው ትራስ ደርድራ፣ ተቀምጣ ማደር ጀመረች። በጥር 1996 ከሠላሳው ሌሊት ሃያ ሁለቱን ተቀምጣ አደረች። ይህን የማውቀው አጎቴ ስለ መዘገበው ነው።

መሪማ ምላሷ ስለታም የሆነ ሴት ናት። ከገበያ እስከ ቤቷ የምትሰድበው ሰው አታጣም፣ የተሰደበውም ይስቃል። በሁለት ዓመት ውስጥ ንግግሯ አጠረ። ጎረቤቷ ረቢአ «ማሻአላህ፣ ዕድሜ አስተማራት፤ መሪማ ጨዋ ሆነች» ብላ አመሰገነቻት። መሪማ ትንፋሿን ሰብስባ «ስድቡ አለ» አለች። አረፍ ብላ ጨመረች፤ «ማድረሻው ነው የጠፋኝ።»

አጎቴ የፈለገው አንድ ነገር ነው። ያው ድንጋይ ከኮረብታው ጀርባም አለ፤ ለጠጠር መኪናው የግማሽ ሰዓት መንገድ ይጨምራል እንጂ ነፋሱ ከዚያ ወደ ሰው ቤት አይመጣም። ማሽኑ ወደዚያ ይዛወር፤ መሪማ ሌላ ጥር እዚህ አቧራ ውስጥ አታሳልፍ። ከዚህ ሌላ የጠየቀው ነገር የለም።

የመጀመሪያውን ማመልከቻ በጥር 1995 ላከ። የተላከለት መሥሪያ ቤት «የእኛ ሥልጣን በሚወርደው ዝናብ እንጂ በሚነሣው አቧራ ላይ አይደለም» ብሎ ወደ ሁለተኛው መራው። ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ ሦስተኛው ወደ አራተኛው መሩት። አራተኛው አንድ ሰውና አንድ ጠረጴዛ ነበር፤ ሰውየው ሥልጠና ላይ ስለነበር ጠረጴዛው ለስምንት ወር ያዘው። ስማቸውን የማልጠቅሰው በጨዋነት አይደለም፤ መልሳቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ መለየቱ ጥቅም የለውም። ማመልከቻው አምስት ገጽ ሆኖ ሄደ፣ ሠላሳ አንድ ገጽ ሆኖ ተመለሰ። የተጨመሩት ሃያ ስድስት ገጾች መሸኛ ደብዳቤዎች ናቸው።

በሁለተኛው ማመልከቻ ላይ ሠንጠረዥ አያያዘ። ሠንጠረዡ ሦስት ዓምድ ነበረው፤ «ቀን»፣ «ምልክት»፣ «መሪማ»። በመጨረሻው ዓምድ ሥር «ተኛች» ወይም «ተቀምጣ አደረች» ይላል። ምልክቱ ከአምስት በታች በወረደ ቁጥር መሪማ ትቀመጣለች፤ አምስትና ከዚያ በላይ ሲሆን ትተኛለች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ተምሬአለሁ፤ ከዚያ ይልቅ የጠራ ሠንጠረዥ በእጄ አልገባም። ከአንዱ መሥሪያ ቤት የመጣው መልስ ግን እንዲህ ይላል፤ «በሠንጠረዡ ሦስተኛ ዓምድ 'መሪማ' ተብሎ የተጠቀሰው መሣሪያ የተገኘበት ዓመት፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተመረመረበት ቀንና የስሕተት መጠኑ ተገልጾ እንዲቀርብ።»

አጎቴ አልሳቀም። ለተጠየቀው ሁሉ መልስ ጻፈ፤ ግልባጩ በፋይሉ ውስጥ አለ።

«መሪማ የተገኘችው በ1963 ዓ.ም. ከአባቷ ቤት በኒካህ ነው። ከዚያ ወዲህ አልተቀየረችም። በየሦስት ወሩ ከሚሴ ጤና ጣቢያ ትመረመራለች፤ የመጨረሻው ሰኔ 8 ነው። ስሕተቷ ወደ መታገሥ ያደላል፤ አምስት ሌሊት ተቀምጣ አድራ አራት የምትል ናት። እኔ አምስቱን ጽፌአለሁ።»

ይህን ደብዳቤ ሳይፈሩት አልቀሩም መሰለኝ፣ ሦስት ባለሙያዎች እንዲመጡና አቧራውን እንዲለኩ ተወሰነ። መጡም። የመጡት ነሐሴ 11 ቀን 1996 ነው።

ለሁለት ቀን ያላቋረጠ ዝናብ ነበር። መኪናቸው ከነጩ ገደል መታጠፊያ ላይ ጭቃ ያዘው፤ የቱሉ ቦሩ ጎልማሶች ገፍተው አወጡት። ከባለሙያዎቹ አንዱ ቅባት የተቀባ ወረቀት በአራት ቦታ ሰቀለ፤ አቧራ እንዲጣበቅበት ነው። ሦስቱን ጎርፍ ወሰዳቸው፤ አራተኛው ላይ አንድ ቀንድ አውጣ ተገኘ። አጎቴ ጃንጥላ ይዞላቸው ቆሞ ነበር።

«ልጆቼ» አላቸው፣ «በጥር ብትመጡስ?»

«አባቴ፣ ጥር ላይ ነዳጅ የለም። በጀቱ የሚለቀቀው ከሐምሌ ወዲህ ነው።»

«እንግዲያው አቧራው በነሐሴ እንዲነሣ በደብዳቤ ይነገረው።»

«ይቀልዳሉ እርስዎ።»

«ወላሂ አልቀለድኩም። በደብዳቤ የማይሆን ነገር እንደሌለ እናንተው ናችሁ ያስተማራችሁኝ።»

የባለሙያዎቹ ሪፖርት ሁለት መስመር ነው። «በተደረገው የመስክ ምልከታ በአካባቢው አቧራ አልታየም። የአካባቢው አየር እርጥብና ምቹ ሆኖ ተገኝቷል።» ውሸት የለበትም። ነሐሴ ላይ የቱሉ ቦሩ አየር እርጥብና ምቹ ነው።

የከተማው ሰውስ ከአጎቴ ጋር ለምን አልቆመም ቢባል፣ ክራሸሩ ከቱሉ ቦሩ አሥራ አራት ሰው ቀጥሯል። የመስጊዱም ግቢ በክረምት ጭቃ የሚዋጥ ነበር፤ የክራሸሩ ዕቃ ቤት ጠባቂ ሪድዋን፣ የዚያው የቱሉ ቦሩ ልጅ፣ ሦስት መኪና ጠጠር አስመጥቶ አስደለደለው። የመስጊዱ ኢማም ሸህ ሙሳ ለሪድዋን ዱዓ አደረጉለት። ከዚያ ወዲህ ስለ አቧራ የሚያነሣ ሰው የመስጊዱን ጠጠር የነካ ያህል ሆነ። ሪድዋን ክፉ ሰው አልነበረም፤ አጎቴን ባገኘው ቁጥር ያባብለው ነበር።

«አባ ሙሀመድኑር፣ ልማት ያለ አቧራ የት ታየ?»

«ልማቱን መች ጠላሁ? ከኮረብታው ጀርባ ይልማ ነው የምለው።»

«አብሽር፣ መንገዱ ሲያልቅ ይነሣል።»

«መንገዱ መቼ ያልቃል?»

«ኢንሻአላህ።»

«ይኸው ሦስተኛው ኢንሻአላህህ ነው። ጽፌዋለሁ።»

የ1997 በጋ እንዲህ ሆኖ ገባ። ጥቅምት ላይ ዓምዱ እንደገና ወደ አራት ወረደ፣ መሪማም ትራሷን ደረደረች። የዚያ ዓመት ረመዳን ጥቅምት 6 ቀን ገብቷል።

እዚህ ላይ የቱሉ ቦሩን ልማድ መናገር አለብኝ። ቱሉ ቦሩ በራሷ ዓይን እንጂ በሰው ወሬ አትጾምም፣ አታፈጥርም። ድሮ፣ ሬዲዮ ሳይኖር፣ የዒዱ ጨረቃ ከኮረብታው ላይ ከታየች እሳት ይለኮስና ከሚሴ ያን እሳት ጠብቃ ዒድ ታደርግ ነበር ይባላል። እሳቱን ያየ ሰው አላገኘሁም፤ ኩራቱን ግን ሕፃናቱ ሳይቀሩ ወርሰውታል። ከሚሴ ታየች ካለች በኋላ እንኳ ቱሉ ቦሩ ሽማግሌዎቿን ከዋርካው ሥር አቁማ ራሷ ታያለች። ብዙ ዓመት ሁለቱ ዓይኖች ተስማምተው ኖረዋል።

ኅዳር 4 ቀን 1997 ቅዳሜ ነበር፤ ሃያ ዘጠነኛው ጾም። ክራሸሩ ለበዓሉ ከመዘጋቱ በፊት የቀረውን ሥራ ሊጨርስ ቀኑን ሙሉ ያለ ዕረፍት አደቀቀ። ፀሐይ ስትገባ በስተምዕራብ ያለው ሰማይ እንደ ተበጠበጠ አብሽ ነጭ ሆኖ ነበር። ሸህ ሙሳና አራት ሽማግሌዎች ከዋርካው ሥር ቆሙ። አጎቴም ቆመ፤ ያ ቦታ ለእሱ የየቀን ቦታው ነው። ግማሹ ከተማ ከኋላቸው ተሰበሰበ።

የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ እየሮጠ መጣ። «ስልክ ተደወለ፤ ከሚሴ ታየች ብለዋል።»

«ከሚሴ የእኛን እሳት ጠብቃ የምታፈጥር አገር ናት» አሉ ሸህ ሙሳ። ዓይናቸው ደካማ ነበርና ወደ አጎቴ ዞሩ። «ሙሀመድኑር፣ አሥር ዓመት ከዚህ ቆመህ ያየህ አንተ ነህ። ታየችህ?»

«አልታየችኝም።»

«የለችም ትላለህ?»

«እሱን አላልኩም። ከአራተኛው ምልክት ወዲያ ምንም አይታይም። ጨረቃዋ ትኑር አትኑር ይህ አየር አይነግረኝም።»

«እኔ የጠየቅሁህ ስለ አየሩ አይደለም። አየህ ወይስ አላየህም?»

«አላየሁም፣ ያ ሸህ።»

«በቃ፤ ጾሙን ሠላሳ እንሞላለን።»

ከኋላ አንድ ጎልማሳ «ከሚሴ ያየ ሰው እያለ?» ብሎ ሊከራከር ሞከረ። «ከሚሴ ጉድጓድ ውስጥ ናት» አሉት አንድ ሽማግሌ። «ከጉድጓድ የታየ ከኮረብታ እንዴት ይሰወራል?» በዚህ ሁሉም ተስማማ። እውነትም ነው፤ ከመካከላቸው የቆመ ድንጋይ መፍጫ ባይኖር ኖሮ።

በማግስቱ እሁድ ከሚሴ ዒድ ሆነ። ተክቢራው በድምፅ ማጉያ ከሸለቆው ሽቅብ ይሰማ ነበር። ቱሉ ቦሩ ጾመች። ጎረምሶቹ ግን «እንጨት እንለቅማለን» እያሉ ቁልቁል ወርደው፣ ከዘመድ ቤት ሥጋ በልተው፣ አፋቸውን ጠርገው ተመለሱ። እንጨት ይዞ የተመለሰ የለም። መሪማ በሕመሟ ምክንያት ከጾም ነጻ ስለነበረች፣ ረቢአ በራፍ ላይ ቆማ «አንቺ እንኳ ታድለሻል» አለቻት። መሪማ መለሰች፤ «ነይ... ትንፋሼን ልስጥሽ... ጾሙን ስጪኝ።»

ክራሸሩ ለዒድ ተዘግቷል። ቀትር ላይ አየሩ መሳሳት ጀመረ፤ ለዐሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል አምስተኛው ምልክት ወጣ፤ ፀሐይ ስትገባ ሰባተኛውም ታየ። ጨረቃዋም ታየች። ከተራራው በላይ ከፍ ብላ፣ ወፍራ፣ ማንም ዓይን ሳያጠብ የሚያያት ሆና ቆመች።

«ይቺማ» አለ ባለሱቁ ሰኢድ፣ «ትናንት ተወልዳ ዛሬ ለጋብቻ ደርሳለች።»

ሸህ ሙሳ አልሳቁም። በሸሪዓው ጥፋት አልነበረባቸውም፤ ያላየ ሰው ሠላሳ ይሞላል። ኩራት ግን ሸሪዓ የለውም። በማግስቱ ሰኞ ቱሉ ቦሩ ብቻዋን ዒድ ሰገደች። እንግዳ ሊሆን ቃል የገባው የከሚሴ ዘመድ በልቶ ጠግቦ ነበርና አንድም ሰው አልመጣም። በሳምንቱ እሁድ ሰዉ ለከብት ገበያ ሰንበቴ ሲወርድ ወሬው ቀድሞት ደርሷል። የአፋር ግመል ነጋዴዎች ሳይቀሩ የቱሉ ቦሩን ሰው እያስቆሙ «እናንተ ዛሬ ስንተኛው ጾማችሁ ነው?» ይሉት ነበር። የክራሸሩ አሥራ አራት ሠራተኞች ከሁሉ ባሰባቸው፤ የሥራ ጓደኞቻቸው «ጨረቃችሁ ድንጋይ ስታስፈጭ ወረፋ ያዘባት» አሏቸው።

አንዳንዶች አጎቴን ተቀየሙ። «አባ ዜሮ ለዒዳችንም ዜሮ ሰጠን» ተባለ። አንድ ቀን ከሚሴ ወርዶ መዝገብ ቤት ሲመጣ ጠየቅሁት።

«አጎቴ፣ ሆን ብለህ ነው የሚሉ አሉ።»

«ምን ብዬ?»

«አየሁ ብትል ይህ ሁሉ መሳቂያ መሆን ይቀር ነበር። ከሚሴም አይታለች።»

ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። «አየሁ ብል፣ በነጋታው የምጽፈውን ማን ያምነኛል? መሪማ ተቀምጣ አደረች ስል ማን ያምነኛል?» አለ። ቀጥሎም «ተንኮል ቢሆንማ በመጀመሪያው ዓመት አደርገው ነበር፤ ሁለት ጥር ታተርፍ ነበር» አለኝ።

ሸህ ሙሳ ቤቱ ድረስ የመጡት ኅዳር 14 ቀን ነው። ከበራፍ ሳያልፉ «ያ ምልክት የምትለው ነገር ምንድነው?» አሉት። ከዋርካው ሥር አቆማቸውና አንድ በአንድ ነገራቸው። ክራሸሩ እየሠራ ነበር። ከአራተኛው በኋላ ቆመ።

«ቀጥል እንጂ።»

«የሚቀጥለው አይታይም፣ ያ ሸህ።»

«አምስተኛው ምን ነበር?»

«የከሚሴ ሚናራ።»

ከቤት ውስጥ የመሪማ ሳል ይሰማ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመስጊዱ እስኪሰማ የሳለችው ሳል። «ሰውን ከዒዱ የሚከለክል አቧራ» አሉ ሸህ ሙሳ፣ «መቼም ዝም አይባልም።»

በማግስቱ ከተማው በሙሉ ወደ ክራሸሩ ወረደ። ከፊት የሄዱት እነዚያው አሥራ አራት ሠራተኞች ናቸው፤ ሪድዋንም አብሯቸው ነበር። የክራሸሩ ሥራ አስኪያጅ ለአጎቴ ማመልከቻ ሁለት ዓመት ጀርባውን የሰጠ ሰው ነው። የአስም ነገር ሲነገረው «ሐኪም ዘንድ ይሂዱ» ብሎ ነበር። አንድ ከተማ ዒዱን አሳለፍክብን ብሎ ፊቱ ሲቆም ግን ነገሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ገባው። አምስተኛ መሥሪያ ቤት፣ መሸኛ ደብዳቤም ሆነ ቅባት የተቀባ ወረቀት አላስፈለገም። ክራሸሩ ታኅሣሥ 24 ቀን 1997 ተነቅሎ ከኮረብታው ጀርባ ተተከለ። አሥራ አራቱም ሥራቸውን አላጡም፤ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ከቤት ይወጣሉ።

በዚያ ዓመት ጥር መሪማ ተቀምጣ ያደረችው ሦስት ሌሊት ነው።

የዓመቱ ሪፖርት ሲወጣ ማሽኑ የተነሣው «በአመራሩ ቁርጠኛ ክትትልና በሕዝቡ የነቃ ተሳትፎ» እንደሆነ ተጻፈ። ውጤቱን በቁጥር ለማሳየት ማስረጃ አስፈለጋቸውና የአጎቴን ሠንጠረዥ ከእኔ ወሰዱ። ያ «መሪማ» የሚለው ዓምድ፣ የስሕተት መጠኑ ሳይመረመር፣ አባሪ ሦስት ሆኖ ተያይዟል። ጨረቃዋ በሪፖርቱ አልተጠቀሰችም። ይህን ለመሪማ ስነግራት በአንድ ትንፋሽ የተሳደበችውን እዚህ አልጽፈውም፤ ሃያ ያህል ቃል እንደነበር ግን መመዝገብ እፈልጋለሁ። አጎቴ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር፤ ቃሉን ሳይሆን ርዝመቱን እየሰማ አንገቱን ይነቀንቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ኖረ። ጥር 19 ቀን ጠዋት ከዋርካው ሥር ቆሞ አይቶ፣ እየጻፈ ወደ መለኪያው ሲሄድ ከአጥሩ በር ላይ ወደቀ። ረቢአ ስትደርስ አልፏል፤ እርሳሱ በእጁ ነበር። ቀብሩ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ተፈጸመ። እኔ ከከሚሴ የደረስኩት አፈር ከለበሰ በኋላ ነው።

ባለፈው ቀን፣ ሐሙስ ጥር 18፣ ያደረገውን ከመሪማና ከሱቅ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ጠዋት ቅጹን ሞልቶ ጠጠር ጭኖ በሚሄድ አይሱዙ ከሚሴ ወረደ። የመኝታ ቤታቸው መስኮት ክራሸሩ በመጣበት ዓመት በሚስማር ተመትቶ፣ በላስቲክ ታሽጎ ነበር፤ ሚስማሩ ሲነቀል የድሮው ማጠፊያ አብሮ ተሰበረ። መሪማ «አሁንማ ይከፈትልኝ» ብላው ነበር። ከብረታ ብረት ሱቅ ሁለት ማጠፊያና ስምንት ብሎን ገዛ። መዝገብ ቤት መጥቶ ስብሰባ ላይ ሆኜ እንደተመለሰ የሚናገር አለ፤ ዘበኛው እርግጠኛ ስላልሆነ አልመዘግበውም። ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ቤቱ ደረሰ፣ ከሰኢድ መፍቻ ተዋሰ፣ መስኮቱን ሰቀለው። መሪማ ከአልጋው ላይ ሆና፣ በልጃቸው ስም እየጠራችው፣ «የአፍናን አባት፣ እንደ አህያ ይጮኻል» አለችው። ከጓዳ የምግብ ዘይት አምጥቶ ሁለቱንም ማጠፊያ ቀባ። ከፈተው፣ ዘጋው፣ ደግሞ ከፈተው። መፍቻውን ለሰኢድ መለሰ።